የአዳማጩ ጠባቂ ለሽልማት አዲስ አበባ የተጠራ ጊዜ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ «ምን አየሽ? ምን በላሽ? የት አደርሽ?» ይለኛል። አንዱን ነገር ደጋግሞ ማስረዳት በአስተማሪነት ዘመኔ በቅቶኛል፤ ጡረታ የወጣሁትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና የሚጠይቀኝ ያንብበው። መጨረሻውን የምታውቁ የሰፈሬ ሰዎች ደግሞ እባካችሁ ዝም በሉ፤ ሌላው እንደ እኔ ቀን በቀን ይድረስበት።

አስቀድሜ ስለ ወንድሜ ልንገራችሁ። ታደሰ ታላቄ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። ቤታችን ከመተሐራ ወጣ ብሎ ተራራው ግርጌ ነው። ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ የመጡ የመንግሥት ባለሙያዎች የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግብ መሣሪያ የሚተክሉበት ቦታ ሲፈልጉ፣ ጋሼ ከቤቱ በላይ ካለችው ጉብታ ላይ ቆርሶ ሰጣቸው። ጉድጓድ ቆፍረው፣ በሲሚንቶ ገንብተው አንድ ሳጥን ቀበሩ። ከላይ በፀሐይ የሚሠራ ሰሌዳ አቆሙ፣ ዙሪያውን በሽቦ አጠሩና ቁልፉን ለእሱ ሰጡት። ሥራው ከባድ አይደለም። የሰሌዳውን አቧራ ይጠርጋል፣ ፍየል እንዳይገባ ይጠብቃል፣ የተበላሸ ነገር ሲያይ ይደውላል። መሣሪያውን «አዳማጩ» ብሎ ነው የሚጠራው።

ሰፈሩ ግን «ጠሪው» አለው። መሣሪያው ከተተከለ በኋላ መሬቱ ደጋግሞ ይንቀጠቀጥ ጀመራ! የስንቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ የስንቱ እናት ልጇን አቅፋ ደጅ አደረች። ሰው ሲጨንቀው ጥፋተኛ ይፈልጋል። ሳጥኑ ከመሬት ሆድ ውስጥ ነውጡን እየሳበ ያመጣል ተባለ። ጋሼም ለዚሁ ተከፍሎታል ተባለ። ቀስ በቀስ ሰላምታው ቀዘቀዘ፣ ከዚያም ጨርሶ ቀረ።

አምና የጋሼ ሚስት ዘነበች ሞተች። የዕድሩ ጥሩምባ አልተነፋም። ድንኳኑም «ለሌላ ተሰጥቷል» ተብሎ ሳይመጣ ቀረ። እኛ ጥቂት ዘመዶችና መርዶውን ሰምተው ከአዲስ አበባ የደረሱ ባለሙያዎች ሆነን ቀበርናት። እንዲያው ስታስቡት፣ በኛ አገር መንገድ ላይ ለወደቀ እንግዳ እንኳን ድንኳን ይተከላል እኮ! ስንቱን ስታስታምም፣ ለስንቱ ለቅሶ ውኃ ስትቀዳ የኖረች ሴት እንዲያ ሆና ሄደች። ጋሼ በዚያ ቀን አላለቀሰም፤ ከዚያ ወዲህም ሲያለቅስ አላየሁትም። እኔ ግን ሰፈሩን ሁሉ ተቀይሜ ነበር፤ አልዋሽም።

ቀብሯ ላይ ከደረሱት ባለሙያዎች አንዷ ሄለን ትባላለች። መሥሪያ ቤታቸው ሠራተኞቹ ሳይሆኑ ለመሬት ሳይንስ አስተዋጽኦ ላደረጉ ሰዎች ሽልማት ይሰጣል፤ የጋሼን ስም ያቀረበችው እሷ ናት። ስትደውልለት መጀመሪያ እምቢ አለ። «ተከፍሎታል ሲሉኝ ከርመው አሁን ዋንጫ ይዤ ስገባ ምን ሊሉ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነው። በማግስቱ ግን ራሱ ደወለላትና ቴሌቪዥን ይመጣ እንደሆነ ጠየቃት። ይመጣል አለችው።

«እንግዲያው እሄዳለሁ» አለኝ ስልኩን ዘግቶ። «ትልቁ ኃላፊ መሣሪያው መሬት እንደማያንቀጠቅጥ በቴሌቪዥን ይናገርልኝ። ሰፈሩ በጆሮው ይስማ። ከዚያ ዋንጫውን ቢፈልጉ ያስቀሩት።»

ረቡዕ

ልንነሳ ስንል ቁልፉን ለማን እንደሚተው ጠየቅሁት። ለገዛኸኝ ሰጥቼዋለሁ አለኝ። እኔ ደርቄ ቀረሁ! ገዛኸኝ አብሮ አደጋችን ነው፣ የዕድሩም ሊቀ መንበር ነው፤ «ጠሪው» የሚለውን ስም ያወጣው፣ ድንኳኑንም የከለከለን እሱ ነው። አብደሃል ወይ አልኩት። ጋሼ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ ለወዳጅ ቢሰጠው ገዛኸኝ ሰው አስተባብሮ መሣሪያውን ሊያስነቅለው እንደሚችል፣ ለገዛኸኝ ራሱ ከሰጠው ግን በአደራ የተቀበለውን ለማስነካት እንደሚያፍር ነገረኝ። አደራ የሚበላ ሰው አይደለም አለ። እኔ እንኳን አልተዋጠልኝም ነበር።

አውቶቡሱ ከተራራው የፈሰሰውን ጥቁር ድንጋይ አቋርጦ፣ ወለንጪቲን አልፎ አዳማ አደረሰን። እዚያ ቁርስ ብለን ሚኒባስ ያዝን። የክፍያ መንገዱ ላይ ስንወጣ እንደኛ አገር አህያና ግመል የለም፣ ጉድጓድ የለም፣ ሹፌሩም ከሰው ጋር አይጨቃጨቅም። እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ብርድ ነው። እኛ ጋ በዚያ ሰዓት ዛፍ ጥላ ሥር ይተኛል፤ ቃሊቲ ላይ ግን ሰው ጃኬቱን ቆልፎ ይሮጣል።

የምናርፈው ለቡ መብራት ኃይል አስቴር ቤት ነው። አስቴር የድሮ ተማሪዬ ናት፤ አባቷ ከወላይታ መጥተው ስኳር ፋብሪካው አካባቢ ይሠሩ ነበር። ከቃሊቲ እንዴት እንደምንመጣ በስልክ በደንብ አስረድታኝ ነበር፤ እኔም በልበ ሙሉነት ታክሲ መርጬ ጋሼን አስገባሁት። መጨረሻ ነው፣ ውረዱ ስንባል መካኒሳ ነን! በድንጋጤ ስንወርድ የጋሼ ሻንጣ ከኋላ ወንበር ሥር ቀረ። ታክሲው ከመንገዱ ሲሰወር ነው ያስታወስነው።

በሻንጣው ውስጥ ኮቱና ጫማው ነበሩ። ኮቱን ዘነበች ናት የገዛችለት። ጋሼ መንገዱ ዳር ቆሞ ታክሲው የሄደበትን ብቻ ያያል። ልቤ ተነካ፤ በራሴም በጣም ተናደድኩ።

ከፊታችን ባልዲና ጀሪካን የተደረደረበት ሱቅ ነበር። ባለሱቁ ወጥተው ምን እንደሆንን ጠየቁን። አቶ ሸምሱ ይባላሉ፤ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ሰፋ ያሉ፣ ረጋ ያሉ። ገና ሳናስረዳቸው ወንበር አወጡልን፣ የታሸገ ውኃ ሰጡን፣ የእኔ ስልክ ስለተዘጋ በራሳቸው ስልክ ለአስቴር ደወሉላት። ከዚያ ወደ ታክሲ ተራው ሄደው ተራ አስከባሪዎቹን ስለ ሻንጣው አናገሩ። ሱቃቸውን ማንም ሳይጠብቅ፣ እኛን የማያውቁንን ሰዎች በሩ ላይ አስቀምጠው ሄዱ! አዲስ አበባ ሰው አያምንም ሲባል ነበር የምሰማው።

አስቴር መኪና ይዛ መጣችና ወሰደችን። ቤቷ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው አያልቅም። የረቡዕ ጾም መሆኑን ረስቼ ነበር፤ እሷ ግን አልረሳችም። ጴንጤ ናት፤ ቤቷ ውስጥ ጾም የሚይዝ የለም። ሆኖም ሽሮውን፣ ጎመኑንና ምስሩን ለየብቻ ሠርታ፣ ድስቱንም ከጎረቤት ተውሳ ነው የጠበቀችን። «ቲቸር፣ በኛ ድስት ሥጋ ስለሚሠራበት ቅር እንዳይልዎት ብዬ ነው» አለችኝ። ይህችን ልጅ ስታወራ እየቀጣሁ ነው ያሳደግኋት፤ አቀፍኳት።

ሐሙስ

ጠዋት ከፎቅ ስንወርድ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ከታችኛው ወለል አንድ አዛውንት ማረፋቸውን አስቴር ነገረችን። ወንበር የሚያመላልሱት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ መስቀል ያሰረ አለ፣ ሂጃብ የለበሰች አለች፣ የአስቴር ባል ዳዊትም ከሥራ ቀርቶ ብረት ይሸከማል። አዛውንቱ ልጃቸው ጋ ሊታከሙ በቅርቡ የመጡ ናቸው፤ ስማቸውን እንኳን በደንብ የሚያውቅ የለም። እዚህ ሰው ጎረቤቱን ሳያውቅ ይኖራል፣ ሲሞት ግን ይሰበሰባል አለች አስቴር። እኛ ጋ ሰው ጎረቤቱን ከነአያቱ ያውቃል። ይህን አስቤ አንጀቴ አረረ።

ጋሼ ድንኳኑን ቆሞ አየው። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ተከትዬ ገባሁ። ወንዶቹ መሀል ተቀምጦ፣ ለማያውቀው ሰው አንገቱን ደፍቶ ብዙ ቆየ። የሟች ልጅ የአባቱ ወዳጅ መስሎት መጥቶ እጁን ሳመው። ጋሼ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። ልጁም ሄደ። ጋሼ ከድንኳኑ ሲወጣ ፊቱን አየሁት፤ አሁንም እንባ የለም።

ከሰዓት በኋላ የሻንጣውን ነገር ለመጠየቅ መካኒሳ ተመለስን። አልተገኘም። አቶ ሸምሱ ከእኛ ይልቅ አዝነዋል። የመጣንበትን ስነግራቸው፣ ነገ ሽልማት የሚቀበለው በዚህ ሹራብ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሌላ የለውም አልኳቸው። ወደ ጓዳ ገብተው ጥቁር ሰማያዊ ኮት በመስቀያው ይዘው ወጡ፤ የዒድ ኮታቸው ነው። ጋሼ እምቢ ቢልም አለበሱት። ትከሻው ወርዶ፣ እጅጌው ጣቱን ሸፈነው፤ በጋሼ ቅጥነት ላይ ሌላ ሰው የሚያስገባ ነበር። እኔ ሳቄ መጣ። አቶ ሸምሱ ግን ዙሪያውን እየዞሩ በጣም ቆንጆ ነው አሉ፤ እጅጌውንም ራሳቸው ወደ ውስጥ አጥፈው በመርፌ ቁልፍ ያዙት።

ማታ ሄለን መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን ልጅ ናት፤ ጋሼን ስታይ ግን ዝግ ትላለች። የነገውን ሥርዓት አስረዳችን። ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ያሉ ተሸላሚዎች ስማቸው ሲጠራ ይወጣሉ፣ ካባ ይደረብላቸዋል፣ ይጨባበጣሉ፣ ይወርዳሉ። ንግግር የለም። ጋሼ የሚፈልገውን ነገራት። አንገቷን ደፋች። መርሐ ግብሩ የተዘጋው ከላይ ነው፣ እጠይቃለሁ፣ ግን ቃል አልገባልዎትም አለችው። ጋሼ ከዚያ በኋላ እራት አልበላም።

ዓርብ

ቁርስ ላይ ነበርን። መጀመሪያ የጣሪያው አምፖል ወዲያ ወዲህ አለ፣ ቀጥሎ ብርጭቆዎቹ ተነካኩ። አስቴር ልጇን ከወንበሩ አንስታ «በኢየሱስ ስም!» እያለች በሩን ከፈተች። ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ብቻ ነው የሚሰማው። ለእኛ እኮ ይሄ ምንም አይደለም፤ የኛ ሲመጣ ቆሞ የሚቀር ድስት የለም። ጋሼ ከወንበሩ አልተነሳም። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጥቂት ጠበቀ። «እዚህ እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ጋ ምን ሆኖ ይሆን?» አለ።

ለገዛኸኝ ደወልን፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደጋገምን። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤታችንን አገኘኋት። ሰው እንዳልተጎዳ ነገረችኝ፤ ብዙ ሰው ግን ተሰብስቦ ወደ ጉብታው እየወጣ ነው አለች። ይዘው የሚወጡት ምንድን ነው ስላት መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ በኋላ እሷም አልተገኘችም። ለጋሼ መንገሩ ከበደኝ፤ ግን ፊቴን አይቶ አወቀ። «ሊነቅሉት ነው» አለ። ኮቱን ለበሰ።

አዳራሹ ከላፍቶ አደባባይ ወጣ ብሎ ያለ ትልቅ ሕንፃ ነው። ምንጣፉ ያስፈራል፤ ጫማዬን ላውልቅ ወይ እስክል። ንግግሩ በዛ። የተሸለሙት አንድ የውጭ አገር ተመራማሪ፣ የእሳተ ገሞራ ፎቶ የሚያነሳ ወጣት፣ ስለ መሬት በሬዲዮ የምታስተምር ጋዜጠኛና ወንድሜ ናቸው። ሁሉም መስክ ላይ ሲሠሩ የሚያሳይ ፎቶ በትልቁ ይወጣል። የጋሼ ሲወጣ መጥረጊያ ይዞ ሰሌዳው አጠገብ ቆሟል፤ ከኋላው ደግሞ ዘነበች የውኃ ጀሪካን ይዛ ትታያለች። ማንም አላወቃትም።

ስሙ ተጠራና ወጣ። በሰፊው ኮት ላይ ካባ ሲጨመርበት ሰውየው ጠፋ። ኃላፊው የመስታወት ዋንጫውን ሰጥተው ጨበጡት። መውረድ ነበረበት። አልወረደም። እጃቸውን እንደያዘ የሆነ ነገር ይነግራቸዋል። ሥርዓቱን የምትመራው ሴት መጥታ ትከሻውን ነካ አደረገችው፤ ንቅንቅ አላለም። ኃላፊው ጎንበስ ብለው ምን እንደሚል ጠየቁት፤ ድምፅ ማጉያው ቅርብ ስለነበር መልሱ ለሁላችንም ተሰማ።

«ይሄ መሣሪያ መሬት አያንቀጠቅጥም ብለው ይናገሩልኝ። እኔ ብናገር አያምኑኝም።»

አዳራሹ ሳቀ። ክፋት ሳይሆን ቀልድ መስሏቸው ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም ጆሮ ጆሯቸውን ብቆነጥጣቸው ደስ ባለኝ። ሄለን ከተቀመጠችበት ተነሳች። መድረኩ ሥር ሄዳ፣ ድምፅ ማጉያም ሳትይዝ፣ ስለ ሰፈሩ ወሬ፣ ስለ ዘነበች ቀብር፣ ስንገባ እንደነገርኳትም ዛሬ ጠዋት ወደ ጉብታው ስለወጣው ሰው ተናገረች። የሚስቅ ጠፋ። ኃላፊው ካሜራው ወዳለበት ዞሩ። መሣሪያው ነውጥን አይጠራም፣ አያመጣምም፣ የሚሠራው ማዳመጥ ብቻ ነው አሉ። ይህንን ሲጠብቅ ሰፈሩ የተቀየመው ይህ ሰው ቅያሜውን የተሸከመው ለሁላችን ሲል እንደሆነ ይታወቅለት አሉ። አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ጋሼ ያን ጊዜ እጃቸውን ለቀቀ።

ከዚያ ምሳ ነበር። ዓርብ ስለሆነ የጾሙ ገበታ ለብቻው ተዘርግቶ ነበር፤ ዓይነቱ እኛ ሠርግ ላይ ከምናየው ይበዛል። ጋሼ ቆሎ የሚያህል አልቀመሰም። ዋንጫውን ክንዱ ሥር አድርጎ ዜናው ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ይጠይቃል።

ማታ አስቴር ጎረቤቶቿን ጠርታ ሳሎኑ ሞላ። ዜናው ደረሰ። ኃላፊው የውጭ አገሩን ተመራማሪ ሲጨብጡ ታዩ፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ ታየ፣ የጋሼ የኮቱ ትከሻ ብልጭ ብሎ አለፈ። ከዚያ ስለ ስፖርት ሆነ። ጋሼ ቴሌቪዥኑን አሁንም ያያል፣ ገና የሚቀጥል መስሎት።

«ቆረጡት እንዴ?» አለኝ።

አዎ አልኩት። ምን ልበለው? እንዲህ ያለ ኀዘን የተሰማኝ ዘነበችን የቀበርን ቀን ብቻ ነው። አስቴር እንባዋን እየጠረገች ወደ ወጥ ቤት ገባች። እሱ ዋንጫውን በፌስታል ጠቅልሎ አልጋው ሥር አስቀመጠና ነገ በጠዋት እንሄዳለን አለ።

ቅዳሜ

ኮቱን ለመመለስ በመካኒሳ በኩል አለፍን። አቶ ሸምሱ ሱቁን ገና እየከፈቱ ነበር። ዜናውን አይተዋል፤ ትከሻውን ከነኮቱ አውቀውታል። ጋሼ አመስግኖ ኮቱን ሲያወልቅ እጁን ያዙት። «ይሄ ኮት መንግሥት ፊት ቆሟል፤ እንግዲህ እኔ ብለብሰው ያፍርብኛል» አሉ። ብንለምናቸውም አልተቀበሉንም። ለመንገድ ቴምር ጨመሩልን። የትናንቱን የሰፈራችንን ነገር ስንነግራቸው ገዛኸኝ ስልክ አንስቶ እንደሆነም ጠየቁን፤ አላነሳም አልናቸው። አላህ በደህና ያግባችሁ ብለው ታክሲው ድረስ ሸኙን፤ በትክክለኛው ታክሲ መግባታችንንም ራሳቸው አረጋገጡ።

የመልሱ መንገድ ረዘመብኝ። አዳማ ላይ ሙቀቱ ሲመታን ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ግን የማስበው የተነቀለውን አጥርና የተሰበረውን ሰሌዳ ነው። ጋሼ ደግሞ ስለዚያ እንኳን አላወራም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወለንጪቲ ላይ፣ ቁልፉን ለገዛኸኝ በመስጠቱ ተሳስቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። አዎ ልለው ነበር፤ አላልኩም። አደራ አይበላም ብለህ የለ እንዴ አልኩት። መልሶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ከአስፋልቱ ወርደን ወደ ሰፈሩ ስንታጠፍ፣ ከጋሼ ቤት ፊት ለፊት ድንኳን ተተክሏል። የዕድሩ ድንኳን። ነውጡ ሰው ገድሎ፣ ሬሳውን ጥፋተኛ ባሉት ሰው ደጅ ያመጡት መሰለኝ። እንዲህ ያለ ክፉ ሐሳብ ነው የመጣብኝ። ጋሼ ግን ሳይቆም ይሄዳል፤ ሰፊው ኮት በንፋሱ ይርገበገባል። ውኃ የያዘች ጎረቤታችን ከፊታችን መጣች፤ ትናንት ስልኳ የተቋረጠባት ናት። ክንዷን ያዝኳት።

«ማነው የሞተው?»

ጀሪካኗን መሬት አስቀመጠች። «ዘነበች» አለችኝ።

ገዛኸኝ ከድንኳኑ ወጣ። ቁልፉ በአንገቱ ላይ በክር ተንጠልጥሏል። ሰላም ሳይል፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ነበር የነገረን። ትናንት ነውጡ እንዳለፈ ሰው መቆፈሪያና ዶማ ይዞ ጉብታው ላይ ወጣ፤ እሱም ስልኩን እቤት ጥሎ ሮጠ። ክፈት አሉት። ታደሰ እኔን አምኖ የሰጠኝን ለዶማ አልከፍትም፣ ማየት የሚፈልግ ግን ይየው ብሎ ከፈተና ራሱ ሳጥኑ አጠገብ ቆመ። ሲጨቃጨቁ ሁለተኛው ነውጥ መጣ።

«ከተራራው ነው የመጣው» አለ ገዛኸኝ። «ጩኸቱን ሰማነው፤ ከወዲያ፣ ከተራራው። መጀመሪያ የግራር ዛፎቹ፣ ከዚያ የኛ እግር፣ ከዚያ ነው የመሣሪያው አጥር የተንቀጠቀጠው። አይኔ እያየ። እንደኛው ነው የደነገጠው፣ ታደሰ። ምንም አላደረገም።»

ከዚያ ማንም ዶማውን አላነሳም። ቁጭ አሉ አለ። ያኔ አንዷ ሴት የዘነበችን ስም አነሳች፣ ሌላዋ አለቀሰች። እሱ ሌሊቱን እዚያው አደረ። ዛሬ ጠዋት ድንኳኑን ከመጋዘን አስወጣ። ይሄን ተናግሮ ክሩን ከአንገቱ አውልቆ ቁልፉን ዘረጋለት።

ጋሼ ቁልፉን አልተቀበለም። ፌስታሉን ከነዋንጫው ለእኔ ሰጠኝ። የገዛኸኝን ትከሻ ያዘና፣ ልክ ዛሬ እንደሆነ፣ ልክ ገና መርዶውን ሊነግረው እንደመጣ ሁሉ እንዲህ አለው፦

«ገዛኸኝ፣ ዘነበች እኮ ሞተችብኝ።»

«ሰማን ወንድሜ» አለ ገዛኸኝ። «ዛሬ ሰማን።»

ወንድሜ ያን ጊዜ አለቀሰ። ጮክ ብሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማው፣ የአቶ ሸምሱን እጅጌ አፉ ላይ ይዞ። ከድንኳኑ ጀርባ ጥሩምባው ተነፋ። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከሴቶቹ ጋር ገባሁ።